ሃያ ሦስት ማጭድ

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ገዳሪፍን አታዩትም። እኔም ባይልኩኝ አላየውም ነበር።

የላከኝ ሥራ ነው። በስታቲስቲክስ ከተመረቅኩ በኋላ አሥራ አንድ ወር ጎንደር እናቴ ቤት ተቀመጥኩ። ጠዋት ተነስቼ ለሰባት ሰው ቁርስ እሠራለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ምሳ እጥዳለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ የለኝም» እላለሁ። ከዚያ አንድ ቢሮ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን የሚሻገረው ሰው ስንት እንደሆነ፣ ከድሮው በዝቶ ይሁን አንሶ የሚያጣራ ሰው ፈለገና ተቀጠርኩ። ኃላፊው «ታሪክ አታምጪብኝ፣ ቁጥር ብቻ አምጪ» አለኝ። ደስ አለኝ። እኔም ታሪክ የሚያበዛ ሰው አልወድም።

የተሰጠኝ ቅጽ አንድ ገጽ ነው። ዋናው ጥያቄ «ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሠርተዋል?» የሚል ነው። አዎ ያለ ሠራተኛ ነው፤ አይ ያለ አይደለም። ሰውዬው በቦታው ከሌለ የሚያውቀው ሰው ሊመልስለት ይችላል። በቃ። ይህንን ለመሙላት ዲግሪ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩምም።

የመጀመሪያው ቀን

መኪናው አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተባለ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተነሳ። ረዳቱ ላይ ስጮህ «እህቴ፣ ሱዳን የትም አትሄድም» አለኝ። አይከል ቁርስ ስንበላ ሹራብ ለብሻለሁ። ገንዳ ውኃ ላይ ሹራቡን አወለቅኩ። መተማ ስንደርስ ቆዳዬንም ማውለቅ አማረኝ። ጎንደር ላይ ሙቀት የምንለው እዚያ የጠዋት ብርድ ነው።

ባለ ጎማ ሻንጣ ይዤ ነው የሄድኩት። እናንተ እንዳትይዙ። መተማ ላይ ጠጠሩን እያንቋቋሁ ስጎትተው አንዲት ሴትዮ ቆማ አየችኝና «ውሻሽ ነው ወይ?» አለችኝ። ስቃብኝ ግን አላለፈችም፤ በራሷ ተሸክማ ማረፊያ ቤት አደረሰችኝ። ገንዘብ ስሰጣት ተቆጣች። ማረፊያው ክፍል ውስጥ አልጋውም ግድግዳውም ይፋጃል። የማረፊያው ባለቤት አልጋዬን አውጥታ ግቢ ዘረጋችልኝ፤ ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ አሥራ አራት ሰው ተኝቷል። እኛ ቤት እንግዳ ሲከበር ክፍል ይለቀቅለታል። እዚያ ንፋስ ነው የሚለቀቅለት።

ሁለተኛው ቀን

ድንበሩ ድልድይ ነው። ድልድይ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጎንደር ቀሃ ወንዝ ላይ ያለው ይሻላል። በዚህ ማዶ መተማ፣ በዚያ ማዶ ገላባት። ማህተም ለማስመታት ሁለት ሰዓት ቆምኩ፤ ለመሻገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የገዳሪፍ አውቶቡስ ላይ አብዛኛው ተሳፋሪ ሳሉግ ነው። ሳሉግ ማለት በእኛ ቆላ ለአንድ ወቅት የሚቀጠር የእርሻ ሠራተኛ ነው። ከገላባት ወጣ እንዳልን ኬላ አለ። ወታደሩ በበሩ ገብቶ ስም አልጠየቀም፣ ወረቀትም አልጠየቀም። በዓረብኛ «ማጭድ!» አለ። ሰዉ ሁሉ ማጭዱን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳ። ቆጠረና፣ ልክ ነው ለማለት፣ «ተማም» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ።

እኔ ማጭድ የለኝም። ሦስት ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አለኝ። ደብዳቤው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ የሚያነበው ዓረብኛ። አስወረደኝና ፀሐይ ላይ አቆመኝ። አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰዉ በመስኮት ያየኛል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አንድ ጺማቸው የሸበተ ሰው ወርደው ሊያስተረጉሙልኝ መጡ።

«ሥራሽ ምንድን ነው ይልሻል።»

«እቆጥራለሁ።»

«ምኑን?»

«ሰው።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። «ተምራ ተምራ መቁጠር ላይ ደረሰች!» አለ አንዱ ከኋላ። ሽማግሌው ለወታደሩ ሌላ ነገር ነገሩት፤ እሱም ሳቀና ለቀቀኝ። ምን እንዳሉት ስጠይቃቸው «ልጄ ናት፣ ማጭዷን ቤት ረስታ ነው አልኩት» አሉኝ።

ጋሽ ታከለ ይባላሉ። ዶካ አጠገብ ያለ አንድ እርሻ ላይ የሳሉጎቹ ወኪል ናቸው፤ ሰዎቹን ከአገር ይዞ የሚመጣውም የሚመልሰውም ወኪሉ ነው። ገላባት ዱቄት ሊገዙ ሄደው ሲመለሱ ነው የተገናኘነው። «ስትቆጥሪ እኛ ካምቦ ነይ» አሉኝ ዶካ ላይ ሲወርዱ። ካምቦ የሚሉት ሠራተኞቹ የሚያድሩበትን የሣር ዳስ ነው።

ገዳሪፍ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ሜዳ ነው። እኛ አገር ዓይንሽን ስታነሺ ተራራ ይይዝሻል፤ እዚያ ምንም አይይዝሽም፣ ከሩቅ ከሚታዩት የእህል ጎተራዎች በቀር። የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ኑሩ በባጃጅ ተቀበሉኝ፤ እነሱ ረክሻ ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት ገበያው ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ቤታቸው አራት ክፍል ነበር፤ አሁን በሁለቱ ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀሉ ዘመድ የማይሆኗቸው ሰዎች ይኖራሉ። ኪራይ ይቀበላሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሚስታቸው እትዬ ዘይነብ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ጎንደር ነው የሚጠየቀው?» አለችኝ።

እሷ ቤት ሥጋ አልቀረበም። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የእነሱን እርድ እንደማልበላ ታውቃለች፤ እኔ ዳር ተቀምጬ ሌላ እንድበላ ግን አልፈለገችም። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ፉል፣ ምስርና እንቁላል በላ። ጋሽ ኑሩ ሰሃኑን አይተው «ልጄ፣ እንኳን መጣሽ፤ መቼ ነው የምትሄጅው?» አሉኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠበቅኩ። ወደ እርሻ ለመውጣት ተስሪሕ ያስፈልጋል፤ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው። ይሄ ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እያመላለሱሽ ሻይ ያጠጡሻል። አምስት ሻይ ጠጣሁ። ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል።

ጋሽ ኑሩ የቀን ሠራተኛ የሚቆምበትን አደባባይ አሳዩኝ። መነጽር ያደረገ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ማጭድ ይዞ ቆሟል። ካርቱም ላይ አስተማሪ ነበር አሉኝ። «ድሮ እዚህ የሚቆመው የኛ ሰው ብቻ ነበር። አሁን ካርቱም ራሷ ቆማለች» አሉ። ይህ ሰው ቅጼ ላይ ቦታ የለውም፤ እኔ የተላክሁት የእኛን ሰው ልቆጥር ነው። ማስታወሻዬ ላይ ጫማውን ጻፍኩ።

አራተኛው ቀን

ተስሪሑ ስለወጣ ዶካ ወርጄ ከዚያ በትራክተር ሦስት ካምቦ ዞርኩ። መሬቱ ጥቁር ነው። ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ አለው፣ ትንሽ ሲረጥብ ጫማ ይበላል። የሻንጣዬ አንድ ጎማ እዚያው ቀርቷል።

ሰሊጥ አይጠብቅም። ደርቆ ፍሬው ከተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሰዉ እያጎነበሰ ያጭዳል፣ ነዶ ያስራል፣ ያቆማል፣ ቀና አይልም። ሲያጭዱ ላናግራቸው ስሞክር አንዱ «አንቺ ደመወዝ የሚከፈልሽ ለመጠየቅ ነው፣ እኔ ለመመለስ አይከፈለኝም» አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ምሳ ሲበሉ ሆነ።

በየካምቦው ሳይጋብዙኝ የቀሩበት የለም። የመጀመሪያው ላይ የዱራ፣ ማለት የማሽላ፣ ገንፎ በባሚያ ወጥ በላሁ፤ ባሚያው ያሟልጫል፣ ግን ይጥማል። ሁለተኛው ላይ ቂጣ በሰሊጥ ዘይት፣ ከላይ ሚጥሚጣ ነበረው። የእናቴ ቂጣ እንደዚያ አይሳሳም። ሦስተኛው ላይ ምስር ወጥ፣ ጨው የበዛበት፤ ሙቀቱ ስላላበኝ ይሁን አላውቅም፣ ያ ጨው ነፍሴን መለሰልኝ። ይህን ሁሉ የዚያኑ ዕለት ነው የጻፍኩት። ሦስቱን ካምቦ ጨርሼ ዶካ ተመለስኩ። ጥሩ ቀን ነበር፤ ቅጾቹ ንጹህ ነበሩ።

አምስተኛው ቀን

በጋሽ ታከለ ካምቦ መሃል አንድ ትልቅ ግራር አለ። ግንዱ ላይ ዙሪያውን ምስማር ተመቶበታል፤ ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ ማጭዳቸውን እዚያ ይሰቅላሉ።

«ስንት ናችሁ?» አልኳቸው።

«ሃያ ሦስት ማጭድ።»

«ሰውስ?»

«ሰው በአጨዳ መሃል አይቆጠርም። ማጭዱን ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት የሚያብረቀርቁ ማጭዶች፣ ከእነሱ ፈንጠር ብለው ደግሞ አራት የዛጉ። ምስማሩ ግን ከዚህ ይበዛል፤ ባዶውንም ስደምረው አርባ ስድስት መጣልኝ። ጋሽ ታከለ አስረዱኝ። አባታቸው መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ሰው ይዘው ነበር፤ ሰባት ምስማር መቱ። ዛፉ ወፍሮ ሰባቱንም ውጧቸዋል፣ ቦታቸው እንደ እንብርት ጎድጉዶ ይታያል። ከዚያ በየዓመቱ ሰው ሲጨመር ምስማር ተጨመረ። ሰው ሲያንስ ግን ምስማር አይነቀልም።

ስለዚህ ዛፉ የሚናገረው ከሁሉ የበዙበትን ዓመት ነው፤ የዘንድሮውን የሚናገረው ማጭዱ ነው። ካየኋቸው መረጃዎች ሁሉ በደንብ የተያዘው ይሄ ነበር። ፎቶ ላነሳው ስል ስልኬ ሞተ።

«ለምን ቁጥራችሁ አነሰ?» አልኩ።

«ግማሹ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ፣ ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ መንገዱን ፈርቶ ቤቱ ቀረ።»

«ሦስት ግማሽ አለ እንዴ?»

«አንቺን ያስተማሩሽ ሽማግሌ ለማረም ነው?» አሉኝ።

አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመርኩ። በመሃል ሊጥ የምታቦካ ሴት ደረስኩ፤ አልጋነሽ ትባላለች፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናት። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው።

«እትዬ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሠርተሻል?»

«እኔ?» ዞር ብላ ወንዶቹን አየች። «ኧረ እኔ ሥራ የለኝም፣ ልጄ። የሚሠሩት እነሱ ናቸው።»

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቀለብ ነዋ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።»

ብዕሬ ቅጹ ላይ ነው። ዝንቡ ፊቴ ላይ ነው። ገና አሥራ አራት ሰው ይቀረኛል። «አይ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። እሷ ግን አላለፈችኝም፤ ወሬ ፈልጋለች። «ልጄ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ሳልደርስ እንዳትወልጂ ብያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች» አለችና ሳቀች። አይከል አጠገብ ነው ቤታቸው። አጨዳው ሲያልቅ የእርሻው ባለቤት ወደ ድንበር የሚመልስ ሎሪ የሚያቀርበው አንድ ጊዜ ነው፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ። ዓርብ ከተሳፈረች ትደርሳለች። ወንዶቹ ለምግቡ እያንዳንዳቸው ሰሊጥ ይሰፍሩላታል፤ ለአራስ የሚያስፈልገውን የምትገዛው በእሱ ነው። ይህን ሁሉ ሰማሁ። ቅጹ ላይ ግን ይህን የሚጽፉበት ቦታ የለም።

ስጨርስ ወንዶቹ ጋሽ ታከለን ጨምሮ ሃያ ሁለት ሆኑ። ማጭዱ ሃያ ሦስት ነው። አንዱ ማጭድ እጀታው ላይ ቀይ ክር አለው።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የይበልጣል» አለኝ ደሴ የሚባል የመንደሩ ልጅ የሆነ ወጣት።

«የት አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«ሥራ ላይ ነው።»

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። ሁሉም «አለ» አሉ። መመሪያው የሚያውቀው ሰው ይመልስለት ይላል። ደሴ መለሰለት፣ እኔ ጻፍኩ። ይበልጣል፣ ይሠራል። ሃያ ሦስት። ከማጭዱ ጋር ገጠመ። ዳሱ ውስጥ ለእኔ የሚሆን አልጋ ስላዘጋጁልኝ እዚያው አደርኩ።

ስድስተኛው ቀን

ጠዋት ጋሽ ታከለ ወረቀቴን እያዩ ተቀመጡ። ሲገቡ ማጭድ ይበቃል፤ ሲወጡ ግን ዘንድሮ በጦርነቱ ምክንያት የስም ዝርዝር ይጠየቃል። ከዚህ በፊት ቁጥር ብቻ ነበር የሚሰጡት። «አንቺ አጻጻፍሽ የሚያምር፣ እስቲ የሠራተኞቹን ስም ገልብጪልኝ» አሉኝ። ኩራት ተሰማኝ። «ይሠራል» የሚለውን ብቻ እያየሁ ሃያ ሦስት ስም በቁጥር በቁጥር ጻፍኩላቸው። ይዘው ዶካ ሄዱ። የባለቤቱ ጸሐፊ በዓረብኛ ገልብጦ፣ አስፈቅዶ፣ ማህተም አስመትቶ ከሰዓት ሰጣቸው።

እሳቸው እስኪመለሱ ከአልጋነሽ ጋር ምስር ለቀምኩ። ያኔ ነው የነገረችኝ። ይበልጣል ከወር በፊት ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ሄዷል። ወሬ የለም።

«ታዲያ ለምን አለ አላችሁኝ?»

«በአጨዳ መሃል ጎደለ አይባልም። ጎደለ ካልሽ ሰሊጡም ይሰማል፤ ይረግፋል።» ማጭዱ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። እስከ መጨረሻው ቀን ካልመጣ እዚያው ይቀራል፣ ማንም አይነካውም። አራቱ የዛጉት እንደዚህ የቀሩ ናቸው። ማጭዱን ያወረደ ሰውየውን ቀረ እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

ተናደድኩ። የሌለ ሰው ቆጥሬያለሁ ማለት ነው። ዝርዝሩ ግን ሄዷል። አንድ ሰው ነው ብዬ ተውኩት። ስለ ይበልጣል እያሰብኩ ከፊቴ የተቀመጠችውን አላሰብኩም።

ሰባተኛው ቀን

ሎሪው ጠዋት መጣ። ጋሽ ታከለ ዛፉ ሥር ቆመው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ማጭዱን አውርዶ ይሳፈራል። ይበልጣል ሲሉ ደሴ ከሎሪው ላይ በልምድ «አለ» አለ። የመጨረሻው ስም ተጠራ። ወረቀቱ ታጠፈ።

አልጋነሽ ድስቶቿን በገመድ አስራ፣ የሰሊጥ ጆንያዋ ላይ እጇን አሳርፋ ቆማለች።

«እኔስ?» አለች።

ጋሽ ታከለ ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «የአልጋነሽን ስም የት አደረስሽው?»

«ሥራ የለኝም አለችኛ» አልኩ።

ሎሪው ላይ ጫጫታ ሆነ። «ሥራ የላትም? ታዲያ ሁለት ወር ያበላን ማን ነው፣ መልአክ ነው?» አለ አንዱ። «እቴ አልጋ፣ ለምን እንዲህ ትያለሽ?» አለ ሌላው። እሷ አፈረች። «ማጭድ ሳልይዝ ሥራ አለኝ ብል አትስቁብኝም ነበር?» አለች። ይስቁባት እንደነበር ያውቃሉ።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ጋሽ ታከለ እጄን ያዙ። «ማህተም ያለበት ላይ አንድ ጭረት ካረፈ ሁላችንም ቀረን።» ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

አልጋነሽ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ያዢልኝ» አለችኝና ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትነግረኝ ጀመር። «አይከል ስትወርጂ ከገበያው በታች፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈሽ። እናትሽ ቀርታ አይደለም፣ መኪና ሞልቶ ነው በያት። ፈርታ ሆዷ እንዳይደነግጥ።» ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ እስካሁን አለ።

«አንድ ስም እኮ ባዶ አለ» አሉ ጋሽ ታከለ፣ ወደ ማንም ሳያዩ።

ሰዉ ሁሉ ደሴን አየ።

«አይሆንም» አለ ደሴ። «ማጭዱ ከወረደ ቀረ ማለት ነው። እናቱን ምን እላታለሁ?»

«እውነቱን ነው፣ አትንኩት» አለች አልጋነሽም ከተቀመጠችበት።

መታገስ አልቻልኩም። «ሄዷል እኮ!» አልኩ። «ወር ሆነው! የለም!»

ወር ሙሉ ማንም በሰው ፊት ከአፉ ያላወጣውን ነው ያወጣሁት። ደሴ ከላይ ሆኖ አየኝ።

«አለ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

«አለ ያልከኝ አንተ ነህ።»

ሾፌሩ ሁለተኛ ነፋ። ደሴ ዘሎ ወረደ። ወደ ዛፉ ሄደ። ከማጭዱ እጀታ ላይ ቀዩን ክር በቀስታ ፈታና ምስማሩ ላይ አሰረው። ከዚያ ማጭዱን አወረደና በእጀታው በኩል ለአልጋነሽ ዘረጋላት።

«ሲመጣ ምስማሩን ያገኘዋል» አለ።

ድስቶቹን ወንዶቹ ተቀባብለው ጫኑ።

ኬላው ላይ የዚያ ቀኑ ወታደር አልነበረም፣ ሌላ ነው። ማጭድ አለ፤ ተነሳ፤ ሃያ ሦስት። ወረቀቱን ዘርግቶ ከመሃል ስም መጥራት ጀመረ። አራተኛው ላይ «ይበልጣል» አለ።

«ነአም» አለች አልጋነሽ፣ አቤት ለማለት።

ቀና ብሎ አያት። ወንዶቹ በሙሉ ጉልበታቸውን ማየት ጀመሩ። ይበልጣል የወንድ ስም መሆኑን እኛ ብቻ ነን የምናውቀው።

«አንቺም ታጭጃለሽ?» አላት በዓረብኛ።

«ከሁላችን ቀድማ ተነስታ ከሁላችን ኋላ ነው ሥራ የምታቆም» አሉት ጋሽ ታከለ። ውሸት አልነበረበትም።

«ተማም» አለ። ከዚያ ማጭድ የሌላትን አንዷን አየና አስወረዳት። በዓረብኛ የተጻፈ ተስሪሕ ይዤ እንኳ ሩብ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምኩ፤ ሎሪው ላይ ያሉት «ኧረ አንድ ማጭድ ግዙላት!» እያሉ ይስቁብኛል። እትዬ ዘይነብ ገና ከገዳሪፍ ስወጣ ለመንገድ ብላ የቋጠረችልኝን ተምር አውጥቼ ለወታደሩም ለእነሱም አከፋፈልኩ። ከተስሪሑ ይልቅ እሱ የሠራ ይመስለኛል።

ድልድዩን ስንሻገር አልጋነሽ ማጭዱን በሻሿ ጠቅልላ ለደሴ መለሰችለት። እሱም ዕቃው ውስጥ ከራሱ ማጭድ አጠገብ አስገባው። ለይበልጣል እናት ምን እንዳላት አላውቅም። አልጋነሽ የዚያኑ ከሰዓት መኪና አግኝታ ወደ አይከል ሄደች። በኋላ በጋሽ ታከለ ስልክ ደወለችልኝ፤ ደርሳለች። ልጅቷ ቃሏን ጠብቃ እናቷ በገባች በሦስተኛው ቀን ወለደች።

ቢሮ ስመለስ ኃላፊው ቅጾቹን አገላበጠ። «የታከለ ካምቦ?»

«ሃያ ሦስት» አልኩ። «ግን አንዱ የለም፣ አንዷ ደግሞ አለች።»

«ድምሩ ይለወጣል?»

«አይለወጥም።»

«ታዲያ ምን ታደርቂኛለሽ?»

ወንበሬ ላይ ሄጄ ይበልጣልን ሰርዤ አልጋነሽን ጻፍኩ። እሷ ተስተካከለች። ከዚያ የሌሎቹን ሦስት ካምቦ ቅጾች አወጣሁ። በሦስቱም ላይ «አይ» የሚል አንድ አንድ ምልክት አለ። «አይ» ያለን ሰው ስም መጻፍ ግዴታ ስላልሆነ አልጻፍኩም ነበር። ማስታወሻዬን ከፈትኩ፣ ምናልባት እዚያ አስፍሬው እንደሆነ ብዬ። የባሚያው ማሟለጭ አለ። የቂጣው መሳሳት አለ። የምስሩ ጨው አለ። ያበሰሉት ሴቶች ስም የለም።